የአባባ አለሞ ቸርኬ

እርጥብ ላስቲክ ይሸታል ወይ ብትሉኝ፣ ይሸታል። በተለይ ፀሐይ ሲያግለው ውሎ ዝናብ በድንገት ሲወርድበት፣ ከሥሩ ደግሞ ገና ያልደረቀ ቡና ተሰጥቶ ከሆነ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ የተረሳ ጠላ የሚመስል ሽታ አለው። ባለፈው ጥቅምት እናቴን ልጠይቅ ሚዛን ተፈሪ መጥቼ በባጃጅ ስሄድ ያ ሽታ ከመንገዱ ዳር ካለ የቡና ማድረቂያ ተነሥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ባጃጁን አስቆምኩት። ሹፌሩ "እዚህ ነው እንዴ ወራጅ?" እያለኝ ወረድኩ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ ያውም መምህርት ተብዬ፣ የሽቦውን አጥር በሁለት እጄ ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አልቅሼ ስጨርስ ራሴን ሰደብኩ። ለቅሶው ይገባቸው ለነበሩት ሰውዬ ያኔ አላለቀስኩማ።

የማስተምረው ሥነ ልቦና ነው። በየዓመቱ ሰውና እንስሳ እንዴት እንደሚማሩ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ለተማሪዎቼ የውሻውን ነገር እነግራቸዋለሁ። ደወል እየተደወለ ሥጋ ሲሰጠው የከረመ ውሻ፣ በኋላ ደወሉን ብቻ ሰምቶ ምራቁ ይዝረበረባል። ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ቀጥሎ አይጧ ትመጣለች፤ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶባት፣ ዘንጉን በተጫነች ቁጥር ፍርፋሪ የሚወርድላት። በእሷም ይስቃሉ። እኔ ግን ያቺን አይጥ አውቃታለሁ። ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ፀጉሯ ሁለት ቦታ ተጎንጉኖ፣ የደብተር ቦርሳዋ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ።

አባቴ የሞተ በዓመቱ እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የቡና ማጠቢያ ሥራ ገባች። ቀይ እሸት ቡናው እዚያ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ወገብ በሚደርሱ ረጃጅም የሽቦ አልጋዎች ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ ከጠዋት እስከ ማታ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ሲለቅሙ ይውላሉ። ቀና ማለት የለም፣ መቀመጥማ አይታሰብም። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ከሰዓት እዚያ እሄዳለሁ። ልጅ አልጋዎቹ መካከል መግባት ስለተከለከለ ግን የምቀመጠው ከጥበቃው ጎጆ ደጃፍ ነው። ከዚያ ሆኜ የማየው የእናቴን ጀርባ ብቻ ነበር። ማታ ቤት ስንገባ ጉርሻዋ እጇ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይጥላታል። በዚያ ዓመት ከእናቴ ይልቅ የእናቴን ጀርባ አውቀው ነበር ብል አልዋሸሁም።

የአገራችን ዝናብ ደግሞ ወር አይጠብቅም። በበጋም ሳይታሰብ ይወርዳል። የተሰጣ ቡና ዝናብ ከነካው ይሻግታል፣ ይሸታል፣ አለቀለት። ስለዚህ ከጎጆው ጀርባ ካለው ዋንዛ ላይ የመኪና ቸርኬ ተሰቅሎ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጥበቃው ቸርኬውን በብረት ይመታዋል፤ ሴቶቹ የያዙትን ጥለው ይሮጡና አልጋዎቹን በላስቲክ ያለብሳሉ። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ሥራ የለም። ሁሉም ወዳለበሰው አልጋ ሥር ይገባና ይቀመጣል።

እናቴ ያን ጊዜ የላስቲኩን ጫፍ ከፍ አድርጋ "ነይ!" ትለኛለች።

እኔም በሩጫ እገባለሁ። ከላይ ዝናቡ ላስቲኩን ይደበድባል፣ ከቡናው የተንጠፈጠፈ ውሃ አንገታችን ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ እሷ ጭኗ ላይ አስተኝታኝ ጉንጉኔን እየፈታች ትሠራኛለች። "ዛሬ ማን መታሽ? ማንን መታሽ?" ትለኛለች። ትስቃለች፤ እናቴ ስትስቅ ፊት ለፊት የጎደለ ጥርሷን በእጇ ትሸፍናለች። እኔ ገነት ስለሚባለው ቦታ ቄሱ ሲናገሩ ስሰማ እንደዚያ ዝቅ ያለና ላስቲክ ላስቲክ የሚሸት ቦታ ይመስለኝ ነበር።

ጥበቃው አባባ አለሞ ይባላሉ። ከማሻ ጫካ በወጣትነታቸው የወረዱ የሸካ ሰው ናቸው፤ ጉልበት ሳሉ ዛፍ እየወጡ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ። አማርኛውን ካደጉ በኋላ ስለተማሩት ወንድና ሴት አይለዩበትም፤ እኔንም እናቴንም "አንተ" ነበር የሚሉን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ድንገት አፍንጫቸውን ወደ ላይ ያቀናሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ መዳፋቸውን አየሩ ላይ ዘርግተው የሆነ ነገር የሚመዝኑ ይመስላሉ። ከዚያ ብረቱን አንሥተው ዝግ ብለው ይመታሉ። ዷ። ትንሽ ቆይተው ዷ። ደግሞ ቆይተው ዷ። ሴቶቹ አልብሰው ሳይጨርሱ ዝናቡ ከች ይላል።

እኔ ታዲያ ምን ገባኝ? ዝናቡን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው! ቸርኬው ይመታል፣ ዝናብ ይመጣል፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ለማን እንደሚታዘዝ ካወቅኩ በኋላ ሰውዬውን መለማመጥ ጀመርኩ። ከምሳዬ ቆሎ እየቆጠብኩ አመጣላቸዋለሁ፤ በቀሩት ጥቂት ጥርሶች ቀስ እያሉ ያላምጡታል።

"አባባ፣ ዛሬ አይመቱም?"

"ዛሬ የለም። ሰማዩ ባዶ ነው።"

"ትንሽ እንኳ? አንድ ጊዜ ብቻ?"

"ሂድ፣ ትምህርትህን አጥና" ይሉኛል እየሳቁ።

ስስታም ሽማግሌ ናቸው አልኩ በልቤ። ቆሎዬን በልተው ዝናብ ይነፍጉኛል።

በኅዳር ወር ሙሉ ሳምንት ዝናብ ጠፋ። ሙሉ ሳምንት የእናቴን ጀርባ ሳይ ዋልኩ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ መምህራችን የአማርኛ ፈተና መልሶልን ከአሥር አሥር አግኝቻለሁ። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ መጣሁ። ማታ እንዳላሳያት እንቅልፉ አለ፤ እስከ እሑድ ልጠብቅ ብል ልቤ ሊፈነዳ ነው። አባባ አለሞ ምሳቸውን በልተው ጎጆው ደጃፍ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል፤ ብረቱ ከእግራቸው ሥር ወድቋል። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ እየጎተትኩ ወስጄ ዋንዛው ሥር አስቀመጥኩ፣ ወጣሁበት፣ ብረቱን በሁለት እጄ አንሥቼ መታሁት። ዷ ዷ ዷ!

ሴቶቹ ሮጡ። ቸርኬው ያለው ከጎጆው ጀርባ ስለነበር ከአልጋዎቹ በኩል የሚመታው ማን እንደሆነ አይታይም። አባባ አለሞ ደንግጠው ብድግ አሉ። እኔ ብረቱን ጥዬ ደብተሬን ገልጬ ተቀምጫለሁ። እና እግዜር ያሳያችሁ፣ ዝናቡ መጣ! ዶፍ አይደለም፣ ካፊያ ነው፤ ግን ዝናብ ዝናብ ነው። እናቴ ላስቲኩን አነሣችልኝ። ወረቀቱን አየች፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እጄን ሳመችኝ። "የአባትሽ ልጅ!" አለችኝ። በዚያች ቀን የኔም እጅ ዝናብ መጥራት እንደሚችል አወቅኩ።

ዛሬ ለተማሪዎቼ ሁለት ነገሮች በአጋጣሚ ሲከታተሉ አንዱ ሌላውን ያመጣው እንደሚመስለን ሳስረዳ ጠመኔው እጄ ላይ ይሰበራል። ያኔ ግን ማን ነግሮኝ?

በሳምንቱ ደገምኩት። ዝናብ አልመጣም። ፀሐይዋ እንዲያውም ባሰባት። ግን ሴቶቹ አልብሰው አልጋው ሥር ገቡ፣ ሰማዩን ሽቅብ እያዩ ትንሽ ተቀመጡ፣ እናቴም "ነይ!" አለችኝ። ለካ ዝናቡም አያስፈልግም ነበር! ቸርኬው ብቻውን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኝ። ሦስተኛ ጊዜ መታሁ፣ አራተኛ ጊዜ መታሁ። እየቆየ የሚመጡት ሴቶች እያነሱ፣ የሚቀመጡበትም ጊዜ እያጠረ ሄደ። አንዳንዶቹ እዚያው አልጋቸው አጠገብ ቆመው "ወይ አባባ፣ ዕድሜ ክፉ፤ ጃጁ እኮ!" ይላሉ። እናቴ ግን ሁልጊዜ ትሮጣለች። ከሁሉም ቀድማ ትሮጣለች፤ እኔም በዚያ እኮራለሁ።

አንድ ቀን አባባ አለሞ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ቆሎ ሰጠኋቸው፤ አልተቀበሉኝም።

"ዝናብ አይጠራም" አሉኝ። "ንብ ያውቀዋል፣ ቅጠል ያውቀዋል፣ እኔም ትንሽ አውቀዋለሁ። ሲመጣ ለሰው እነግራለሁ እንጂ አልጠራም። መልእክተኛ ነኝ። መልእክተኛ ከዋሸ ማን ይሰማዋል?"

ሴቶቹ ስላሟቸው ከፍቷቸው መሰለኝና አሳዘኑኝ። "አይዞዎት አባባ" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ፣ ራሴን ዳሰስ አድርገው ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረቱን እግራቸው ሥር አይተዉትም፤ ሲያሸልቡም በብብታቸው ይይዙታል። ልጅ ሆዬ ግን ምን ይሳናታል? በድንጋይ መታሁት። ድምፁ ደከም ቢልም ይሰማል፤ እናቴም መጣች።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ አባባ አለሞ አፍንጫቸውን አቀኑ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። ተነሥተው ዝግ ብለው መቱ። ዷ። ዷ። ዷ። ከአልጋዎቹ በኩል የመጣው ሳቅ ነው። "ኧረ ዛሬስ ይተዉን!" አለች አንዷ። ደግመው መቱ። ከጎጆው ጀርባ ወጥተው ብረቱን እያወዛወዙ በሸክኛ ጮኹ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሁሉ ሴት አንዲት እናቴ ብቻ ላስቲኩን እየጎተተች "እውነታቸውን ነው! ኧረ እውነታቸውን ነው፣ አልብሱ!" እያለች ትሮጣለች። ነጠላዋ ወድቆ ረግጣው አለፈች።

ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ሴቶቹ ሲሯሯጡ ጊዜው አልፏል። እናቴ ብቻዋን ካለበሰቻቸው ሁለት አልጋዎች በቀር ለመድረቅ ተቃርቦ የነበረው ቡና ሁሉ ሾርባ ሆነ።

ሲያባራ ኃላፊው መጣ። ቡናውን ዘገን አድርጎ አሸተተው፣ መልሶ ወረወረው። ሴቶቹን ሁሉ ሰብስቦ አባባ አለሞን መሐል አቆማቸው።

"አንተ ሽማግሌ፣ በዚህ ወር ስንት ጊዜ ዋሸኸን? ሰው እንዳይሰማህ ያደረግከው አንተ አይደለህም?"

ከእናቴ ቀሚስ ሥር ነበርኩ። አፌ ተከፍቷል። እምላለሁ ተከፍቶ ነበር፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። እናቴ ትከሻዬን ጨምቃ ያዘችው፤ አጥንቴ እስኪያመኝ። በርዶኛል ብላ ያባበለችኝ መሰለኝ። አፌን ዘጋሁት።

አባባ አለሞ መሬት መሬት እያዩ "አርጅቻለሁ" አሉ። "እጄ ብቻውን ይመታል።"

የዚያኑ ዕለት አሰናበቷቸው። ጋቢያቸውንና የውሃ ቅላቸውን ይዘው ወጡ። ሊሄዱ ሲሉ ግን ወደ ዋንዛው ተመለሱ፤ እኔ የምቆምበትን ድንጋይ በእግራቸው እያንከባለሉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ካመጣሁበት ከአጥሩ ሥር መለሱት። እኔ ያየኋቸው አይመስላቸውም ይሆናል። ከዚያ በእናቴ አጠገብ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር አሏት፤ አልሰማሁትም።

የሚኖሩባት ጎጆ ከትምህርት ቤቴ መንገድ ላይ ነበረች። አዲሱ ጥበቃ ቸርኬውን ሲመታ ድምፁ እዚያ ድረስ ይሰማል። አባባ አለሞ ደጃፍ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ድምፁን ሲሰሙ ብድግ ይላሉ። እጃቸው ብረት ፍለጋ ወደ ጎናቸው ይሄዳል። ከዚያ ይተዉትና ይቀመጣሉ። የሰፈር ልጆች ይህን ደረሱበት። ጣሳ እየመቱ ያስነሷቸዋል፤ ብድግ ሲሉ ይስቃሉ፣ ሲቀመጡ ደግመው ይመታሉ። እኔም ከልጆቹ ጋር ቆሜአለሁ። አልመታሁም። አልመታሁም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ስንት ዓመት ኖርኩ! ምን ቀረኝና ነው የምመታው?

አንድ ቀን በልጆቹ መሐል ዓይናችን ተጋጠመ። "ትምህርት እንዴት ነው? በርታ" አሉኝ። እንደ ቆሙ ነበር፤ የተነሡት በጣሳው ነው። ሮጬ ቤቴ ገባሁ።

ፋሲካን ሳያዩ ሞቱ። እናቴ ለቅሶ ስትሄድ እኔን አስከትላ አልሄደችም። ከዚያ በኋላ ቸርኬው በተመታ ቁጥር ጆሮዬን በእጄ እደፍን ጀመር። ዝናብ ሲመጣ እናቴ ላስቲኩን ከፍ አድርጋ "ነይ!" ስትለኝ እኔ ጎጆው ደጃፍ ቆሜ እበሰብሳለሁ። እሷም ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርታኝ ላስቲኩን ትለቀዋለች። በቀጣዩ ዓመት መጥራቱንም ተወችው።

ይህን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ የኖርኩት ነው። ባለፈው ጥቅምት ግን ያን ላስቲክ አሽትቼ፣ ዓይኔን አባብሼ እናቴ ቤት ስገባ አልቻልኩም። እናቴ አሁን ጉልበቷን ያማታል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጣቶቿ ዛሬም እንደዚያን ጊዜ ናቸው፤ ሳታይ መጥፎውን ለይተው ይጥላሉ።

"እማዬ፣ አባባ አለሞን ታስታውሻቸዋለሽ? ቸርኬውን ይመታ የነበረው እኮ..."

"አንቺ ነበርሽ" አለች ቀና ሳትል።

ጣቶቿ አልቆሙም።

"የእሳቸውና ያንቺ አመታት ጠፍቶኝ? እሳቸው ዝግ ብለው ነው። አንቺ የሚያባርርሽ ሰው ያለ ይመስል ታጣድፊዋለሽ። ከመጀመሪያው ቀን አውቄሻለሁ።"

"እያወቅሽ ነበር የምትሮጪው?"

"ታዲያስ! እግሬ አብጦ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ እኔስ ሰው አይደለሁም? ልጄን ማቀፍ አያምረኝም? ኧረ አንዳንድ ቀንማ፣ ምነው ዛሬ አልመታችም እል ነበር።" ምስሩን ከእጇ አራገፈች። "በኋላ እሳቸውን ሲያቆሙ ልትናገሪ ስትይ ትከሻሽን ያዝኩሽ። ሁለታችንንም ያባርሩን ነበር። ምን እንበላ ነበር? ምን አበላሽ ነበር?"

እኔ ያንን ጭመቃ ይህን ሁሉ ዓመት እንደ እቅፍ ቆጥሬው ኖሬ ነበር። እናቴ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ እንዳላነሣችው ትዝ አለኝ፤ እኔም አላነሣሁም። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ኃጢአት ለሁለት ተሸክመን፣ እያንዳንዳችን ብቻችንን ነበርን።

"ሲሄዱ ምን አሉሽ?" አልኳት።

እናቴ ያን ጊዜ ቀና አለች። ዓይኗ ሞልቷል።

"'ልጅህን አትምታው' አሉኝ። 'እናቱን ፈልጎ ነው።'"

ቆርቆሮው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ወረደ፣ ቀጥሎ ዶፉ ለቀቀው፤ ወጨፎው በረንዳው ድረስ ገባ። እናቴ ሰፌዱን ወደ ግድግዳው ገፋች። ከዚያ የጋቢዋን ጫፍ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ።

"ነይ!" አለችኝ።

ሄድኩ። ጉልበቷን እንዳላሳምማት ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ጋቢውን በላዬ አለበሰችኝ፣ እጇም ሳታስበው ፀጉሬ ውስጥ ገባ። አባባ አለሞን አስቤ እንዳይሞቀኝ ፈልጌ ነበር። ሞቀኝ።